በውልዎ ላይ ያለው የአንቀጽ ቁጥር የማን ነው?

ከአሮጌ ወደ አዲስ ፕሮግራም የሚዘዋወር ሰነድ ቁጥሩ ለምን እንደሚዛባና እንዴት እንደሚስተካከል

አንድ የሽያጭ ውል ሲዘጋጅ ሻጭና ገዢ የሚከራከሩት በዋጋው፣ በርክክቡ ቀንና በቅጣቱ ላይ ነው። ስለ አንቀጽ ቁጥሮቹ የሚጨነቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። «1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል» ተብሎ ለጸሐፊ ይተዋል። ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ በአብዛኞቹ ቢሮዎች ቁጥሩን የሚያስገባው ጸሐፊውም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋይሉ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ፣ ከአሮጌ ፕሮግራም ወደ አዲስ ፕሮግራም በተዘዋወረ ቁጥር እንደገና ይቆጥራል። እንደገና ሲቆጥር ሁልጊዜ እዚያው ቁጥር ላይ አይደርስም።

ለነጋዴው ነገሩ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውል፣ የጨረታ ሰነድ፣ የአክሲዮን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍና የብድር ስምምነት ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚጠቃቀሱት በቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተናጋ የሰነዱ አጥንት ተናጋ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታወቅና ከፊርማ በፊት እንዴት እንደሚስተካከል በቅደም ተከተል እናያለን። ማብራሪያው በአብዛኛው በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ያተኮረ ነው።

አንድ ቁጥር ስንት ብር ያወጣል?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ አቅራቢ 6,000,000 ብር የሚያወጣ ሰሊጥ ለአንድ ላኪ ድርጅት ለማስረከብ ተዋዋለ እንበል። ረቂቁን ያዘጋጀው የላኪው ቢሮ ነው። በረቂቁ ውስጥ አንቀጽ 5 ስለ ዋጋ፣ አንቀጽ 6 ስለ አከፋፈል፣ አንቀጽ 7 ስለ ርክክብ፣ አንቀጽ 8 ስለ መዘግየት ቅጣት፣ አንቀጽ 9 ከአቅም በላይ ስለሆነ ምክንያት፣ አንቀጽ 10 ውል ስለ ማቋረጥ ይናገራሉ። ቅጣቱ በቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ ነው። አንቀጽ 10 ደግሞ ውሉ ቢቋረጥም «በአንቀጽ 8 የተመለከተው ገንዘብ» እንደሚከፈል ይደነግጋል።

ረቂቁ በኢሜይል ወደ አቅራቢው ቢሮ ሄደ። እዚያ ያለው ሰው ስለ ጥራት ምርመራ የሚናገር አንድ አንቀጽ ከሌላ ውል ቀድቶ በአንቀጽ 4 እና በአንቀጽ 5 መካከል ለጠፈ። ኮምፒውተሩም ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ወደፊት ገፋቸው። ዋጋ 6፣ አከፋፈል 7፣ ርክክብ 8፣ ቅጣት 9 ሆነ። በማቋረጫው አንቀጽ ውስጥ በእጅ የተጻፈው «አንቀጽ 8» ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከእንግዲህ የሚያመለክተው ቅጣቱን ሳይሆን ርክክቡን ነው። ሁለቱም ወገኖች ዋጋውንና ቀኑን ብቻ አይተው ፈረሙ።

ርክክቡ 30 ቀን ዘግይቶ ውሉ ቢቋረጥ ቅጣቱ በቀን 6,000 ብር ሆኖ 180,000 ብር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ በአንዲት አኃዝ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ያስረዳል። በቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኞች ከቃሉ ርቀው በትርጉም ሊሄዱ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ታዲያ ውሉ «አንቀጽ 8» እያለ ርክክቡን ሲያሳይ ቃሉ ግልጽ ነው ወይስ አይደለም? አንደኛው ጠበቃ ግልጽ ነው ይላል፤ ሌላው የጽሕፈት ስሕተት ነው ይላል። ፍርድ ቤቱ የተዋዋዮቹን የጋራ ሐሳብ መርምሮ እውነቱ ላይ ሊደርስ ይችል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ቀጠሮው፣ የጠበቃው አበልና የታሰረው ገንዘብ ኪሳራ ናቸው።

ቁጥሩ የሚቀመጠው የት ነው?

አብዛኛው ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያየው «7» በፋይሉ ውስጥ እንደ ሌላው ፊደል የተጻፈ ይመስለዋል። አይደለም። አውቶማቲክ ቁጥር በወረፋ እንደቆመ ሰው ነው። ሰውየው ግንባሩ ላይ «ሰባተኛ» የሚል ጽሑፍ የለውም፤ ሰባተኛ የሆነው ከፊቱ ስድስት ሰው ስላለ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከፊቱ ቢገባ ስምንተኛ ይሆናል። ወረፋው ለሁለት ቢከፈል ደግሞ የመጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፓራግራፍ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው። የየትኛው ወረፋ አባል እንደሆነና በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም። ደረጃዎቹ እስከ 9 ይደርሳሉ። ቁጥሩ በምን ቅርጽ ይጻፍ፣ ከየት ይጀምር፣ መቼ ወደ 1 ይመለስ የሚለው ደንብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን በከፈተ ቁጥር ሁለቱን አገናኝቶ ቁጥሩን ያሰላል።

የዕትሞቹ ልዩነት ችግር የሚፈጥረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ወርድ 6 እና ቀጥሎ በመጣው ወርድ 95 ላይ የቁጥሩ ደንብ በእያንዳንዱ ፓራግራፍ ላይ ተለጥፎ ይኖር ነበር። ከወርድ 97 ጀምሮ ደንቡ ከፓራግራፉ ወጥቶ በፋይሉ ውስጥ ራሱን በቻለ ሠንጠረዥ ተቀመጠ። ይኸው አሠራር እስከ ወርድ 2003 ቀጠለ። በወርድ 2007 ደግሞ የፋይሉ ዓይነት ራሱ ከ«ዶክ» ወደ «ዶክኤክስ» ተለወጠ። «ዶክኤክስ» የሚባለው በአንድ ከረጢት የታሰሩ የብዙ ፋይሎች ጥቅል ነው። ጽሑፉ በአንደኛው፣ የቁጥር ደንቡ በሌላው፣ የስታይሎቹ ትርጉም በሦስተኛው ይቀመጣል። እንግዲህ አንድ ሰነድ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሻገር ጽሑፉ ደኅና ሆኖ ደንቡ ብቻ ሊጎዳ ይችላል።

በዶስ ዘመን በወርድፐርፌክት የሠሩ ሰዎች «ሪቪል ኮድስ» የሚባለውን መስኮት ያስታውሳሉ። ኦልትና ኤፍ 3 ሲጫኑ ከጽሑፉ በስተጀርባ የተደበቁት ትእዛዞች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር፤ የተበላሸውን ነቅሎ መጣል ነው። ወርድ እንዲህ ያለ መስኮት የለውም። ስለዚህ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቁጥሮች የተለያየ ወረፋ አባል ቢሆኑ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ቁጥር የሚዛባባቸው መንገዶች

የመጀመሪያውና ዋናው ቀድቶ መለጠፍ ነው። ከሌላ ሰነድ የተቀዳ ፓራግራፍ የራሱን ወረፋ ይዞ ይመጣል። በመሆኑም ከአንቀጽ 4 ቀጥሎ የተለጠፈው አንቀጽ 5 መሆን ሲገባው ራሱን 1 ብሎ ሊጠራ ይችላል። ከእርሱ በታች ያሉት ደግሞ የእርሱን ተከትለው 2፣ 3 ቢሉ በአንድ ውል ውስጥ ሁለት አንቀጽ 3 ይገኛል።

ሁለተኛው በስታይሎች መካከል የሚነሣ የስም ግጭት ነው። በሁለቱም ሰነዶች ውስጥ «ሄዲንግ 1» የሚባል ስታይል አለ እንበል። በአንደኛው ቁጥር አለው፤ በሌላው የለውም። ጽሑፉ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው የተቀባዩ ሰነድ ትርጉም ነው። እንግዳው አንቀጽ ቁጥሩን አጥቶ ቁጭ ይላል።

ሦስተኛው በመሣሪያ አሞሌው ላይ ያለውን የቁጥር ምልክት እየተጫኑ መሥራት ነው። ቁጥሩ አልስተካከል ሲል አንድ ጊዜ ማጥፋት፣ እንደገና ማብራት፣ «ሪስታርት» ማለት፣ ቀጥሎ «ኮንቲኒው» ማለት የተለመደ ነው። በስክሪኑ ላይ የተስተካከለ ይመስላል። ከስር ግን እያንዳንዱ «ሪስታርት» አዲስ ወረፋ ይወልዳል። ለዓመታት እየተቀዳ ሲሠራበት የኖረ የውል ናሙና እንዲህ ዓይነት የተጣሉ ወረፋዎች ተከማችተውበት ይገኛል። ሌላ ዕትም ወይም ሌላ ፕሮግራም ሲከፍተው የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

አራተኛው አብነት ወይም «ቴምፕሌት» የሚባለው ነው። በሰነዱ ላይ «ስታይሎችን በራስህ አድስ» የሚለው ምርጫ ተመርጦ ከሆነ፣ ሰነዱ በሌላ ቢሮ ሲከፈት እዚያ ባለው አብነት መሠረት ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። ማንም ምንም ሳይነካ ቁጥሩ ተለወጠ የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛው ሌላ ፕሮግራም ነው። ሊብረኦፊስ፣ ጉግል ዶክስና ደብሊው ፒ ኤስ የወርድን ፋይል ይከፍታሉ፤ ነገር ግን የቁጥር ደንቡን ወደ ራሳቸው አሠራር ይተረጉሙታል። በስልኩ ላይ ረቂቁን ከፍቶ አንዲት ቃል አርሞ «ሴቭ» ያደረገ ሰው ሳያውቀው ቁጥሩን ሊነካ ይችላል።

ስድስተኛው በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚመላለሰው እርማት ነው። «ትራክ ቼንጅስ» በርቶ የተሰረዘ አንቀጽ፣ ስረዛው እስኪጸድቅ ድረስ ከቆጠራው ላይወጣ ይችላል። በድርድር ጊዜ «አንቀጽ 12 ላይ ተስማምተናል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ከተያዘ በኋላ እርማቱ ሲጸድቅ ያው አንቀጽ 11 ሆኖ ይገኛል።

በመጀመሪያ ምርመራ

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። የተዛባ ሰነድ ሲደርስዎ ወዲያው መጠጋገን አይጀምሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው በችኮላ የተነካ ቁጥር ሌሎቹንም ይዞ ይበተናል።

ከሁሉ በፊት ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂ ይውሰዱ፤ የሚሠሩት በቅጂው ላይ ነው። ከላኪው ወገን ሰነዱ በተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ የታተመ ወረቀት ወይም ፒ ዲ ኤፍ ይጠይቁ። ትክክለኛው ቁጥር ምን እንደነበረ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

ቀጥሎ በአንዱ ቁጥር ላይ ማውዙን ይጫኑ። ቁጥሩ ግራጫ ሆኖ ከታየና ጠቋሚው ወደ ውስጡ ካልገባ አውቶማቲክ ነው። በዚያው ደረጃ ያሉ የወረፋው አባላትም አብረው ግራጫ ይሆናሉ። ግራጫ ሳይሆን የቀረ ቁጥር ካለ የሌላ ወረፋ ነው ማለት ነው። ጠቋሚው በአኃዙ መካከል ከገባ ደግሞ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈ ነው። በዚህ ዘዴ ከላይ እስከ ታች ይሂዱና የተሳሳቱትን በወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው።

በመጨረሻም ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8 ተጭነው የተደበቁትን ምልክቶች ያውጡ። በየፓራግራፉ መጨረሻ የሚታየው ምልክት ዋና ነገር ነው። የፓራግራፉ ቁጥር የተያያዘው ከዚህ ምልክት ጋር ነውና ምልክቱ ሲሰረዝ ወይም ሲቀዳ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል።

ማስተካከያው ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ፋይሉ አሮጌው «ዶክ» ከሆነ በመስኮቱ አናት ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል ጽሑፍ ያያሉ። ይህም ፕሮግራሙ እንደ አሮጌው ዕትም ሆኖ እየሠራ ነው ማለት ነው። «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ኮንቨርት» ብለው ወደ አዲሱ ዓይነት ይለውጡት። ቁጥሩን ማስተካከል ከዚህ በኋላ ይሁን። መጀመሪያ አስተካክሎ ኋላ መለወጥ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ሁለተኛ፣ ስታይሎችን ከአብነት በራስ የማደሱ ምርጫ በርቶ ከሆነ ያጥፉት።

ሦስተኛ፣ የተዛቡትን ፓራግራፎች መርጠው ኮንትሮልና ኪው ይጫኑ። በእጅ የተጨመረባቸው የፓራግራፍ ቅርጽ ይረግፋል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዋና አንቀጽ «ሄዲንግ 1»፣ ለንዑስ አንቀጽ «ሄዲንግ 2»፣ ከዚያ ለሚወርደው «ሄዲንግ 3» ይስጡ። አቋራጩ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1፣ 2 ወይም 3 ነው። ስታይሉ ፊደሉን ሰማያዊ ቢያደርገው ወይም ቢያገዝፈው አይጨነቁ፤ የስታይሉን መልክ አንድ ጊዜ ቢያርሙ ሁሉም ይታረማሉ።

አራተኛ፣ ጠቋሚውን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አቁመው «ሆም» በሚለው ገጽ «መልቲሌቭል ሊስት» የሚለውን ይክፈቱና «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» ይበሉ። «ሞር» የሚለውን ሲጫኑ መስኮቱ ይሰፋል። በደረጃ 1 ላይ «ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል» በሚለው ቦታ «ሄዲንግ 1» ይምረጡ። ከቁጥሩ በፊት «አንቀጽ» የሚለውን ቃል መጻፍ ይችላሉ፤ ራሱ ቁጥሩን ግን ከመስኮቱ አይሰርዙት። ወደ ደረጃ 2 ይሂዱና ከ«ሄዲንግ 2» ጋር፣ ደረጃ 3ን ከ«ሄዲንግ 3» ጋር ያያይዙ። ንዑስ አንቀጾቹ በየአንቀጹ ከ1 እንዲጀምሩ «ሪስታርት ሊስት አፍተር» የሚለው ምርጫ መብራቱን ያረጋግጡ። ሁሉንም ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ጨርሰው «ኦኬ» ይበሉ።

የዚህ ሥራ ትርጉሙ እንዲህ ነው። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ፓራግራፍ የራሱን ወረፋ ይዞ ይዞር ነበር። አሁን ወረፋው አንድ ሆኗል፤ ወደ ወረፋው የሚያስገባውም ስታይሉ ብቻ ነው። ከእንግዲህ አንቀጽ ሲጨምሩ የቁጥር ምልክቱን አይጫኑም፤ ስታይሉን ይሰጣሉ። ከሌላ ሰነድ ሲቀዱም «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» በሚለው መንገድ ጽሑፉን ብቻ ይለጥፉ። አሮጌው ቁጥር እንደ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣልና እርሱን ሰርዘው የራስዎን ስታይል ይስጡት።

አምስተኛ፣ በአንዳንድ ሰነዶች ላይ በቁጥሩ ቦታ ጥቁር አራት ማዕዘን ሳጥን ይታያል። ብዙዎች ፋይሉ ሞቷል ብለው ይጥሉታል። አልሞተም። ጠቋሚውን ከሳጥኑ ቀጥሎ አቁመው ሳጥኑ ግራጫ እስኪሆን ድረስ የግራ ቀስቱን ይጫኑ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ ሲጫኑ ትንሽ መስኮት ይወጣል፤ በእርሱ ላይ «ሪአፕላይ» የሚለውን ይጫኑ። ቁጥሩ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ደረጃ እንዲሁ ያድርጉ።

ስድስተኛ፣ «1.» ብለው ጽፈው ክፍት ቦታ ሲጫኑ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ አውቶማቲክ ቁጥር ያደርገዋል። ይህን ካልፈለጉ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ብለው ይግቡና «አውቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» በሚለው ገጽ ላይ «አውቶማቲክ ነምበርድ ሊስትስ» የሚለውን ያጥፉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ ይበቃል።

የሚያመለክቱት ቁጥሮች

እስካሁን የተስተካከለው የአንቀጾቹ የራሳቸው ቁጥር ነው። በሰሊጡ ውል ላይ ጉዳት ያደረሰው ግን ሌላው ነው፤ በጽሑፉ መካከል «በአንቀጽ 8 መሠረት» የሚለው ጠቋሚ ቁጥር። በእጅ ከተጻፈ መቼም አይንቀሳቀስም።

መፍትሔው እርሱንም አውቶማቲክ ማድረግ ነው። በእጅ የተጻፈውን 8 ይሰርዙና «ሪፈረንስስ» ከሚለው ገጽ «ክሮስ ሪፈረንስ» ይክፈቱ። ከዝርዝሩ ውስጥ የቅጣቱን አንቀጽ ይምረጡና የሚገባው ነገር ቁጥሩ እንዲሆን ያዝዙ። ከዚያ ወዲህ ቅጣቱ 9 ሲሆን ጠቋሚውም 9 ለመሆን ይዘጋጃል።

«ይዘጋጃል» ያልነው በምክንያት ነው። ጠቋሚው ወዲያው አይለወጥም፤ መታደስ አለበት። ኮንትሮልና ኤ ተጭነው ሁሉንም ከመረጡ በኋላ ኤፍ 9 ይጫኑ። በግርጌ ማስታወሻና በገጹ ራስጌ ያሉት በዚህ አይያዙምና ለብቻ ይታደሱ። በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዲስፕሌይ» ከሚለው ገጽ «ከማተም በፊት አድስ» የሚለውን ምርጫ ማብራትም ይጠቅማል። ካደሱ በኋላ «ኤረር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው በሰነዱ ውስጥ ይፈልጉ። የተጠቀሰው አንቀጽ ተሰርዞ ከሆነ በጠቋሚው ቦታ ምንጩ አልተገኘም የሚል የስሕተት ማስታወቂያ ይገባል። ማስታወቂያው መልካም ወዳጅ ነው፤ በእጅ የተጻፈ ቁጥር እንዲህ ብሎ አይጮህምና።

ለጨረታ ተወዳዳሪዎች ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። በመደበኛ የጨረታ ሰነዶች የጨረታው ዝርዝር መረጃ የሚሞላው ለተጫራቾች የተሰጠውን መመሪያ አንቀጽ ቁጥር እየጠቀሰ ነው። ዋስትናው ስንት ነው፣ የሚጸናው እስከ መቼ ነው የሚለው በዚያ ቁጥር ይገናኛል። ሰነዱን በሶፍት ኮፒ ተቀብለው ከሌላ ዕትም ላይ የሚያነቡ ከሆነ ከታተመው ቅጂ ጋር ሳያመሳክሩ ቁጥር አይጥቀሱ።

የአማርኛ ሰነድ የራሱ ጣጣ

በአማርኛ በሚጻፉ ሰነዶች ላይ ሦስት ተጨማሪ ችግሮች አሉ።

አንደኛው የፊደል ተራ ነው። የሕግ ሰነዶቻችን ከንዑስ አንቀጽ በታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ እያሉ ይወርዳሉ። በወርድ የቁጥር ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ግን ይህ የፊደል ቅደም ተከተል የለም። ስለዚህ ፊደሎቹ በእጅ ይጻፋሉ። አንድ ፊደል መካከል ላይ ሲገባ ወይም ሲወጣ የቀሩት አይታረሙም፤ ጠቋሚዎቻቸውም እንዲሁ። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ ሐ እና ሠን ይዘልላል፤ በዚህም የአንዱ «መ» የሌላው «ሐ» ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሻሻል ውል ከሆነ ሦስተኛውን ደረጃ 1.1.1 አድርጎ ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ማድረጉ ይመረጣል። ፊደሉ ግድ ከሆነ በእጅ ይጻፍ፤ ከፊርማ በፊት ግን አንድ በአንድ ይቆጠር።

ሁለተኛው አሮጌው ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አውቶማቲክ ቁጥር ደግሞ መልኩን የሚወርሰው ከፓራግራፉ ማብቂያ ምልክት ነው። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ ምልክቱ በአሮጌው ፎንት ከቀረ፣ በላቲን «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» መሆን የነበረበት ተራ የማይገናኝ የአማርኛ ፊደል ሆኖ ይታያል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሌላ ይመስላል። መፍትሔው የማብቂያ ምልክቱን ጭምር መርጦ ፎንቱን መለወጥ፣ ወይም በደንቡ መስኮት ውስጥ «ፎንት» የሚለውን ተጭኖ ለቁጥሩ የራሱን ፎንት መወሰን ነው።

ሦስተኛው በሁለት ዓምድ የሚጻፍ ውል ነው። ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚደረግ ስምምነት ብዙ ጊዜ በሠንጠረዥ ግራ አማርኛው፣ ቀኝ እንግሊዝኛው ሆኖ ይዘጋጃል። በሁለቱም ዓምዶች አንድ ወረፋ ከተሰጠ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አማርኛው 1፣ እንግሊዝኛው 2፣ ቀጣዩ አማርኛ 3 ይሆናል። ጸሐፊው ተቸግሮ የአንዱን ዓምድ ቁጥር በእጅ ይጽፈዋል፤ አንድ አንቀጽ ሲጨመር አማርኛው ይገፋል፣ እንግሊዝኛው ይቀራል። አማርኛው «አንቀጽ 9» ሲል እንግሊዝኛው 8 የሚል ውል ተፈረመ ማለት ነው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው ዓምድ ሌሎች ስታይሎች ይፈጠሩና ከሁለተኛ ወረፋ ጋር ይያያዙ። ሁለቱ ወረፋዎች ጎን ለጎን እኩል ይሄዳሉ።

ከፊርማ በፊት

ሰነዱ ገና በድርድር ላይ ሳለ ቁጥሩ መንቀሳቀሱ ጥቅም ነው። ድርድሩ ሲያልቅ ግን መቆም አለበት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። እርማቶቹ ሁሉ ይጽደቁ ወይም ይሰረዙ። ጠቋሚዎቹ ይታደሱ። «ሪቪው» ከሚለው ገጽ «ኮምፔር» በሚለው ትእዛዝ የመጨረሻው ረቂቅ መጀመሪያ ከተላከው ጋር ይነጻጸር። ልዩነቱ ከተስማሙበት ውጭ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ከዚያ ሰነዱ ወደ ፒ ዲ ኤፍ ይለወጥ። ሁለቱ ወገኖች የሚያነቡት፣ የሚያትሙትና የሚፈርሙት ከፒ ዲ ኤፉ ይሁን። ፒ ዲ ኤፍ ቁጥሩን እንደገና አይቆጥርም፤ የትም ቢከፈት ያው ነው።

ሌላው ወገን ሊጽፍበት የሚችል ፋይል ካልሆነ አልቀበልም ቢል ቁጥሮቹን ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ ይቻላል። ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ቀድቶ በአዲስ ሰነድ ላይ ጽሑፉን ብቻ መለጠፍ ነው፤ ቁጥሮቹ ይቀራሉ፣ ቅርጹ ግን ይጠፋል። የኮምፒውተር ባለሙያ ካለ በአጭር ማክሮ ቅርጹ ሳይነካ ቁጥሮቹን ብቻ ማድረቅ ይችላል። ጠቋሚዎቹ ደግሞ ሁሉንም መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 9 በመጫን ይደርቃሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው በቅጂ ላይ ነው። የደረቀ ሰነድ ለቀጣዩ ውል ናሙና አይሆንም፤ ሕያው የሆነው ዋናው ለብቻው ይቀመጥ።

ኮምፒውተር የማይነካ የድርጅት ባለቤትም ከዚህ ሥራ ነጻ አይደለም። ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ወረቀቱን ይዞ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። የመጀመሪያው የአንቀጾቹን ቁጥር ከ1 እስከ መጨረሻው ጣቱን እያስኬደ መቁጠር ነው፤ የተደገመ ወይም የተዘለለ ካለ ይታያል። ሁለተኛው በውሉ ውስጥ «በአንቀጽ» የሚል ቃል ባለበት ሁሉ የተጠቀሰውን አንቀጽ ገልጦ ርእሱን ማንበብ ነው። ቅጣት ሲባል ቅጣት፣ ዋጋ ሲባል ዋጋ መሆኑን ማየት ነው። ለአሥራ አምስት ገጽ ውል ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከምሳሌያችን 180,000 ብር ጋር ሲተያይ ርካሽ ግማሽ ሰዓት ነው።

ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያስገባ እንጂ የሚፈርመው ሰው ነው። ፊርማው ካረፈ በኋላ ቁጥሩ የኮምፒውተሩ መሆኑ ቀርቶ የፈራሚው ይሆናል።